የጥሊሊዋ ቦክሰኛና የእኔ ጥርጣሬ

ቦክስ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰውን አለማመን ነው። ሆድህን እያየ አገጭህን ይመታሃል። ጓንቴን ሰቅዬ እንጅባራ አሰልጣኝ ከሆንኩ በኋላም አመሌ አልለቀቀኝም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ማለት ስለማበዛ ሰልጣኞቼ በሌለሁበት «ስንጥር» ይሉኛል አሉ። ስሙን ማን እንዳወጣውም እጠረጥራለሁ።

ከሁሉም የምትበልጠው ቦክሰኛዬ ከጥሊሊ በሚኒባስ የምትመላለስ ልጅ ነበረች። የክልሉ ቡድን ምርጫ ሲቃረብ ቀላል ቡጢ ሁሉ ያርፍባት ጀመር። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ከጥሊሊ በተቃራኒ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አየኋት። ብደውልላት አታነሳም። «ኔትወርክ አልነበረም» አለችኝ፤ ኔትወርኩንም ጠረጠርኩት። የዳንግላው አሰልጣኝ በወጣትነታችን የተቧቀስን ባላንጣዬ ነው። አንዴ ትከሻዬን ያመመኝ መስዬ አዘናግቼ ዘርሬው እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም። «በቃ፣ ለሱ ከዳችኝ» አልኩ።

ግን ቡጢው የሚያርፍባት በግራ በኩል ብቻ መሆኑ ከነከነኝ። ገመድ ስትዘል በግራዋ ቆሜ ድንች ወረወርኩባት። ጉንጯን እስኪመታት ድረስ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ይኼ ዓይንሽ አያይም» አልኳት።

ገመዷን መጠቅለል ጀመረች። «ዳንግላ ለሕክምና ነው የምመላለሰው፣ ጋሼ። ብነግርዎት ከምርጫው ያስቀሩኛል ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ካልተመታሁበት ይድናል።»

አስቀረኋት። አልቅሳ ሄደች፤ ሄዳም በባላንጣዬ ቡድን ተመዘገበች። ሳትከዳኝ የጠረጠርኳት ልጅ አሁን እውነትም ከዳችኝ።

የምርጫው ውድድር ቀን የዳንግላውን አሰልጣኝ ለብቻው ይዤ «ግራ ዓይኗ አያይም፣ አታስገባት» አልኩት። ሳቀብኝ።

«ያኔ ትከሻህን፣ ዛሬ ደግሞ የሷን ዓይን? አውቅሃለሁ እኮ!»

የውድድሩም ሐኪም የደም ግፊቷን ለክቶ፣ ደህና ነኝ ስትለው አምኖ አሳለፋት። ሰው እንዴት እንዲህ በቀላሉ ያምናል?

ግጥሚያው ሲጀመር ከተመልካቹ መሀል «ግራሽን ሸፍኚ!» እያልኩ ጮህኩ። ድምፄን ስትሰማ እጇን ታነሳለች። በሁለተኛው ዙር አስተናባሪዎቹ ረብሻ ፈጠርክ ብለው እየጎተቱ አስወጡኝና የአዳራሹን በር ዘጉብኝ። ፈራሁ። በሩን ብደበድብ የሚከፍትልኝ አጣሁ። ከውስጥ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጮኸ። በየት በኩል እንደተመታች መጠየቅ አላስፈለገኝም።