ግራውን የምትለይ ዝንብ

ቆዳ መጋዘኑ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ሚዛን» ነው የሚሏት። ደረቅ ቆዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሁለት እርምጃ ከተራመደች ኪሎውን ትናገራለች፤ የብረቱ ሚዛን ሥራው እሷን ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ አንገቷ ላይ የትንኝ ንክሻ የምትመስል እብጠት ወጣች። በሳምንቱ መሀሏ ከሰል መሰለ። ስላላመመቻት ናቀቻት። ጤና ጣቢያ የደረሰችው ታናሽ እህቷ እጇን ይዛ እየጎተተቻት ነው።

«አባ ሰንጋ ነው» አላት ሐኪሙ። «ከታመመ ከብት ቆዳ ይይዛል። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ደምሽ ውስጥ ይገባ ነበር።»

መድኃኒቱ አዳናት፤ ጠባሳው ቀረ። ሥራ ልትገባ ስትመለስ ግን ሥራ አስኪያጁ አንድ ወረቀት ገፋላት፦ «በሽታው የያዘኝ ከሥራ ውጭ ነው» ይላል። ፈርሚና ግቢ ተባለች። እሷ ከታመመች ወዲህ በቦታዋ ቆዳ የምትሸከመው ያቺው ታናሽ እህቷ ነበረች። በሽታው ከሥራ የመጣ ነው ከተባለ መጋዘኑ ጓንትና የአንገት መከላከያ የማቅረብ፣ የቆዳውንም ጤንነት የማስመርመር ግዴታ አለበት። ከፈረመች ምንም የለበትም።

«ፈርሚና እንረፍ፣ እታለም» አለች እህቷ። «ከነሱ ጋር ተካሰሽ የት ልትደርሺ?»

«እኔማ ድኛለሁ። አሁን የምንጨቃጨቀው ስለ አንቺ አንገት ነው።»

ሚዛን አልፈርምም ስላለች ጉዳዩ የሠራተኛ ክርክር የሚሰማው ቦርድ ፊት ቀረበ። የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ረጅም ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ነው። «እናታችን ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ቤትዎ ሥጋ ሲከትፉ ይዞዎት ይሆናል። ዝንብም ነክሳዎት ይሆናል። ከመጋዘኑ ለመምጣቱ ማስረጃው የታለ?»

«ካፖርትዎን ያውሱኝ፣ ልጄ።»

ነገረ ፈጁ የቦርዱን ሰብሳቢ አየ። ሰብሳቢዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሚዛን ካፖርቱን አጥፋ ግራ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ጠርዙ አንገቷን ነካ።

«ቀኝ እጃችን ጠመኔ ይይዛል፤ የቆዳውን ደረጃ የምንጽፍበት ነው። ስለዚህ ሸክሙ ሁልጊዜ በግራ ነው። ማንም ሲገባ የሚማረው እንዲህ ነው።»

ሻሿን ገለጥ አደረገች። ከኋላ ወንበር ሁለት የመጋዘኑ ጡረተኞች ተነሥተው ኮሌታቸውን ገለጡ። ሁለቱም ላይ ያው ጠባሳ፣ ያው ግራ አንገት።

«ሦስተኛዋን ባልደረባችንን ማምጣት አልቻልኩም» አለች ሚዛን። ድምፅዋ ትንሽ ቀነሰ። «እንቅርት ነው ተብሎ ቀበርናት። በግራ በኩል ነበር ያበጠችው፤ የገነዝኳት እኔ ነኝ።» ወደ ነገረ ፈጁ ዞረች። «እንግዲህ ያቺ ዝንብዎ ግራና ቀኝ የለየች፣ ከመጋዘናችን ሰው በቀር የማትነክስ ናት ማለት ነው?»

ከጡረተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም፤ ትጽፍ ነበር። ቦርዱ በሽታው በሥራ ምክንያት የመጣ ነው ሲል ወሰነ፤ መከላከያ እስኪቀርብ ድረስ ማንም ቆዳ እንዳይሸከም አዘዘ።

ሚዛን ካፖርቱን ለባለቤቱ መለሰችለት። «ሁለት ኪሎ ተኩል» አለችው። «ለአንገት አይከብድም።»

በማግሥቱ እህቷ መጋዘን ገብታ፣ ባዶ እጇን አጣጥፋ፣ የቆዳው ክምር አጠገብ ቁጭ አለች። ሚዛንም መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።