አንድ ቦይለር ለሦስት ጊቢ

ጉርሙ በአምቦ ከተማ ሃያ ዓመት ቧንቧ ሲገጥም ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. ግን ለሦስት ጎረቤቶች አንድ ቦይለር ልግጠም ብሎ ተነሣ፤ ለአናጢው ለኦቦ ኤጄታ ቤት፣ ለወይዘሮ ማኅሌት ፔንሲዮንና ለዶርቃስ የሴቶች ፀጉር ቤት።

ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው፤ ውበቱም እዚያው ላይ ነው። ከኦቦ ኤጄታ መጋዝ ሥር በየቀኑ ሰጋቱራ ይከመራል። ቦይለሩ ያንን እያነደደ ውሃ ያሞቃል። ሙቁ ውሃ በአንድ ቧንቧ ወጥቶ ሦስቱን ጊቢ ይዞራል፤ ያልተቀዳው ቀዝቀዝ ሲል በሌላ ቧንቧ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ለጥገና ጊዜ ብሎ ጉርሙ ቧንቧው ወደየቤቱ በሚገባበት ቦታ አንድ የውሃ መዝጊያ አደረገ።

ዶርቃስ ግን አላመነችም።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ትመጣብኛለች። ያን ቀን ሙቅ ውሃ ካጣሁ የራሴን ማሞቂያ አስገባለሁ!»

እሷ ከወጣች ወይዘሮ ማኅሌትም እንደምትከተል ጉርሙ አላጣውም። ያኔ የሁለት ወር ልፋቱ ተነቅሎ መጋዘን ሊገባ ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቦይለሩ እንደ ኮርማ ያጓራ ጀመር። የእንፋሎት ማስወጫው ያፏጫል። ጉርሙ ሮጦ እሳቱን ቀነሰና ፍለጋውን በተራ ያዘ። ፓምፑ ይዞራል። የሚያፈስ ቧንቧ የለም። የኦቦ ኤጄታ በር ላይ ሲደርስ ግን የቧንቧው መዝጊያ ተዘግቷል።

«ምነው ዘጉት?»

«እኔ ምን አስቸኮለኝ? እንግዶቹ ይቅደሙ ብዬ ነዋ!»

ወደ ፔንሲዮኑ ሄደ። እዚያም ተዘግቷል።

«ሙሽራ እያለች እኔ ውሃ ልሻማ እንዴ?» አለች ወይዘሮ ማኅሌት።

ዶርቃስም ዘግታለች። «ጠዋት የፔንሲዮኑ ሰዎች ይታጠባሉ ብዬ ነው። ሙሽራዋ ስትመጣ ልከፍተው ነበር» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ።

ጉርሙ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

«ይሄ እኮ ገበታ አይደለም! ‹እናንተ ቅደሙ፣ እናንተ ቅደሙ› ስትባባሉ ውሃው መዞሪያ አጥቶ እሳት ላይ ተቀመጠ። ሁላችሁም ስትከፍቱ ነው ለሁላችሁም የሚደርሰው!»

ሦስቱንም ከፈተና እጀታቸውን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ማጓራቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ የመመለሻው ቧንቧም ለመዳፉ ሞቅ አለው።

ሙሽራዋ በሰዓቷ ደረሰች። ጉርሙ ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጆሮውን አቀና። ውሃ ተንሿሿ፤ ከዚያ የዶርቃስ ጩኸት መጣ።

«ኡፍ! ኦቦ ጉርሙ፣ ቀዝቃዛው በየት በኩል ነው የሚከፈተው? ልጅቷን ልቀቅላት ነው እኮ!»