ከሱሉልታ ጨፌ የወጣ ጭቃ

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፤ ቦቲያቸው ግን ጭቃ በጭቃ ነው።

"ምን ይዘው ነው፣ አባባ?" አልኳቸው።

"ጭቃ። ከጨፌው ሥር ያወጣሁት። የሺህ ዓመታት የአበባ ብናኝ አለበት። የትኛው ዛፍ መቼ እንደጠፋ፣ ሰው መቼ ማረስ እንደጀመረ ይናገራል።"

ዕድሜያቸውን በዚህ ጥናት ነው የፈጁት። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባቸው ረቂቃቸውን ወስዶ በራሱ ስም አሳተመ። ቢከሱትም የሰማቸው አልነበረም፤ እንዲያውም እሱ ተሸለመበት።

"ረቂቄ ግን የዘመን ስሌቱ ላይ ስህተት ነበረው" አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። "እሱ አላየውም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። መጽሐፍ ጻፈበት፣ ዝም። ተማሪ አስመረቀበት፣ ዝም። በደንብ ከፍ ይበል ብዬ ጠበቅኩት። አሁን ማስረጃዬ ሞልቷል፤ በሚቀጥለው ወር ይታተማል።"

"በስህተቱ የተመረቁት ልጆችስ?" አልኳቸው።

ፈገግታቸው ጠፋ። አዲሱ ገበያ ደረስን። ሊወርዱ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንዷ የእኔ ልጅ ናት።"

"አልነገሯትም?"

"ብነግራት ኖሮ" አሉ፣ "ትነግረው ነበር።"