ትከሻ የሚነካበት ጠዋት

አልሴ ዱጋስን የሚችል ወንበር በዚያ ውሃ ዳር አልተሠራም። ቅዳሴውን ከኋላ ቆሞ ያስቀድሳል፤ እራቱን ምድጃው ሥር ቆሞ ይበላል፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ከአጥሩ እስከ በረንዳው ሲመላለስ ያመሻል። ረግረጉ ከመንገዱ እኩል በሚተኛበት በዚያ የደቡብ ሉዊዚያና መንደር ሰው ለሰው ስም ያወጣል፤ የወጣ ስም ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እሱን "ትንሹ ነፋስ" አሉት። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ "እኔ እኮ ያገባሁት ሰው አይደለም፤ የሚዘጋ በር ድምፅ ነው" ትል ነበር።

በወጣትነቱ ሽሪምፕ ጎትቷል፣ ቆዳ ለሚገዙ ነጋዴዎች አውሬ አጥምዷል፣ ባሕር ላይ ነዳጅ ጉድጓድ ቆፍሯል። የነዳጁ ሥራ ቀዝቅዞ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እሱም ክራውፊሽ የሚሏትን ባለ መቆንጠጫ የረግረግ እንስሳ ወደሚያጠምድባቸው ወጥመዶቹ ተመለሰ። አንዲት ሴት ልጁ ሂውስተን ሥራ አግኝታ ስትሄድ "እስክደላደል ድረስ" ብላ ልጇን ሮሼልን እሱ ዘንድ ተወቻት። መደላደሉ ዘገየ፤ ሮሼል አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። ከአያቷ የወረሰችው ነገር ቢኖር እግሩን ነው፤ እሷም አንድ ቦታ አታርፍም።

አንድ ማክሰኞ ማታ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሚስ አርሊን ነበረች።

"ዱጋስ፣ ልጅቷ አጠገብህ አለች?"

"ውሾቹን እያበላች ነው። ምን አጠፋች?"

"ኧረ ቀስ በል፣ ሰምታ ጉድ እንዳታደርገን! የፈረንሳይኛው የክብር ማኅበር መርጧታል። ነገ ትከሻዋን ይነኳታል።"

ትከሻ መንካቱን የማያውቅ የለም። በየዓመቱ በመጋቢት በፈረንሳይኛ ትምህርት የላቁ ልጆችን የሚመርጠው የዚህ ማኅበር ነባር አባላት ሻማ ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በየክፍሉ ይገባሉ። አስተማሪው ማስተማሩን ያቆማል። የተመረጠውን ልጅ ትከሻውን ነክተው ነጭ አበባ ይሰጡትና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይወስዱታል። እዚያ ቤተሰቡ ተደብቆ ይጠብቀዋል። የነገሩ ጣዕም እዚህ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ከዋዜማው ያውቃል፣ ልጁ ግን እጁ ትከሻው ላይ እስኪያርፍ ድረስ አያውቅም።

"ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በኋላ በር ግባ" አለችው ሚስ አርሊን። "ያንን የጭቃ ቦት እንዳታመጣብኝ። ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል!"

ሮሼል እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ገባች። "ፔፔር፣ ማነው የደወለው?"

"ቁጥር ተሳስተው ነው" አላት "ፔፔር" የምትለው አያቷ። ከዚያ በኋላ ከበረንዳው ወደ ጓዳ፣ ከጓዳው ወደ በረንዳ ሲል አመሸ። "ምነው፣ ቁንጫ ገባብህ?" ብትለው እንኳ አልሰማትም።

የሰማው ሌላ ነገር ነበር። እሱና ታላቅ ወንድሙ ኦቪድ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፈረንሳይኛ በቀር ቋንቋ አያውቁም ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ በትምህርት ቤቱ ግቢ ፈረንሳይኛ መናገር ያስቀጣል። አልሴ አንድ ቀን ወንድሙን "ውሃ ጠማኝ" አለው፤ ኦቪድ "ቆይ" አለው። በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀላቸው። አስተማሪዋ ጥሬ በቆሎ ወለሉ ላይ በትና ሁለቱንም አንበረከከቻቸው። ፍሬው ጉልበታቸው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ። አልሴ አለቀሰ። ኦቪድ ግን አስተማሪዋ ፊቷን ስታዞር አንዷን ፍሬ ከጉልበቱ ሥር አንሥቶ ቆረጠማትና ጠቀሰው። አልሴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሲወጣ ወደዚያ ደጅ ላይመለስ ማለ። ሮሼልን ሲያስገባት እንኳ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሸኛት።

አሁን በዚያው ቋንቋ ልጁን ሊያከብሯት ነው። ልጄ በአበባ ስትገባ ሳላይ አልሞትም አለ በልቡ።

ጠዋት ሮሼልን ወደ አውቶቡሱ አጣድፎ ሸኛት። ሚስቱን በቀበረ ቀን የለበሰውን ኮት ለበሰ፤ ክራቫቱን ሦስቴ አስሮ ሦስቴ ፈታው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እናቶችና አባቶች በልጆች ወንበር ላይ ተሰድረው ይንሾካሾካሉ። አልሴ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይዞራል። "አልሴ፣ ተቀመጥ እንጂ፤ አዞርከን እኮ!" አለችው አንዲት ጎረቤቱ። "ወንበሩን ልሰብርባቸው?" አላት። ማኅበሩን የምትመራው አስተማሪ ማዳም ዴልቮ ከቤልጅየም የመጣች ወጣት ናት፤ የመንደሩ ሰው "በአፍንጫዋ ነው የምታወራው" እያለ ያማታል፣ ግን ይወዳታል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የልጁ ስም የተጻፈበት ሪባን እያደለች መጣች። እሱ ዘንድ ስትደርስ በዓይኗ ፈገግ ብላ፣ "ሙስዮ ዱጋስ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለችና ሪባኑን ሰጠችው።

ስሙን አየ። ክላሪስ ዱጋስ ይላል።

ክላሪስ የኦቪድ የልጅ ልጅ ናት። እናትና አባቷ በሥራ የሚውሉ ስለሆኑ ለእሷ የሚጠራው አያቷ ነው። በስልክ ማውጫው ላይ ዱጋስ የተባለ ሁሉ ተደርድሯል፤ አልሴ ከላይ፣ ኦቪድ ከታች። የሚስ አርሊን ጣት አንድ መስመር ስታለች። ለካ ትናንት ማታ "ቁጥር ተሳስተው ነው" ብሎ ሮሼልን የዋሻት እውነቱን ኖሯል።

ሪባኑን ጨብጦ ቆመ። ፊቱ ጋለ። ሰው ሁሉ ኮቱን አይቷል። አስተማሪዋን በክንዷ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

"ማዳም፣ የኔዋ ሮሼል ናት።"

ሴትዮዋ ሪባኑን አየች፤ እሱን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ውይ ሙስዮ ዱጋስ! ውይ አፈርኩ! ምን ልበልዎ?"

"ሮሼል ለምን አልገባችም? ፈረንሳይኛ አይደለም እንዴ? እኔ ቤት ሌላ ምን ይወራል?"

"በቋንቋው ከማንም አታንስም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን አምናም ዘንድሮም በወጥመዱ ወቅት ብዙ ቀን ቀርታለች፤ ፈተናዎች አምልጠዋታል። ነጥቧ ወረደ። ደንቡ ደግሞ..."

ደንቡን ባታነሣው ይሻል ነበር። በጨለማ "ተነሽ፣ ወጥመዱ ሞልቷል" እያለ የቀሰቀሳት ማን ሆነና! አልሴ በሩን አየ። ሹልክ ብሎ መውጣት፣ ኮቱን አውልቆ ወደ ውሃው መሄድ ይችላል። ማንም አይከተለውም። ነገር ግን ክላሪስ ታወሰችው። አበባዋን ይዛ ትገባለች፤ የሌሎቹ እናቶች ብድግ ብድግ ይላሉ፤ እሷ ግን ሰው ፍለጋ ዓይኗን ታንከራትታለች።

"ልጆቹ መቼ ይመጣሉ?"

"አሁን ነው የጀመሩት፤ ከሩቁ ሕንፃ ነው የሚነሡት።"

"ቀስ ብለው ይሂዱ በይልኝ" አለና ወጣ። በሩ ከኋላው ተላተመ።

ከኦቪድ ጋር ከተኮራረፉ ቆይተዋል። አባታቸው ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሠራት ጀልባ ነበረች። ኦቪድ ለአንድ ምግብ ቤት ሸጣት፤ ሰዎቹ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው አፈር ሞሉባትና አበባ ተከሉባት። አልሴ ያንን ባየ ቀን "ዓይኔን አታየውም" ብሎ ማለ። በዚያ ምግብ ቤት በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይነዳ ነበር። ያን ጠዋት ግን አቋራጩን ያዘ፤ በአበባዋ ጀልባ አጠገብ እንደ እብድ በረረ።

ኦቪድ ኩሬው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ወጥመድ ያነሣል። መኪናዋ ዳር ላይ ስታንቋርር ቀና አለ።

"ዓይኔን አታየውም ብለህ አልነበር?"

"አሁንም አላየሁህም። ውጣና መኪናው ውስጥ ግባ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ክላሪስን ትከሻዋን ሊነኳት ነው፤ ፈረንሳይኛው ማኅበር። ቶሎ በል!"

"ታዲያ ለእኔ ሳይነግሩኝ ለአንተ..." ኦቪድ ነገሩን ጀምሮ አቆመ። የወንድሙን ኮት አየ፤ ክራቫቱን አየ፤ ደረቱ ላይ ሳይሰካ በእጁ የተጨማደደውን ሪባን አየ። ዕድሜ ልኩን አፉ የማይዘጋው ኦቪድ ዝም ብሎ ከውሃው ወጣ።

ዝምታው ግን እስከ ድልድዩ ድረስ ነው የዘለቀው።

"ስለዚያች ጀልባ..." አለ።

"አታንሳት።"

"በስብሳ ነበር እኮ፣ ታችዋ..."

"ኦቪድ፣ መኪናውን ከነአንተ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ!"

"ክተተው። እኔ እንደሆን ቀድሞውኑ ርሻለሁ።"

አልሴ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አልሴ ወንድሙን ከላይ እስከ ታች አየው። ከደረቱ በታች ጭቃ ነው። ኮቱን አወለቀና "ልበስ" አለው። እጅጌው ለኦቪድ ከአንጓው በላይ ቀረ። "የወፍ ማስፈራሪያ መሰልኩ" አለ ኦቪድ። "ሁልጊዜም ነህ፤ ሂድ!" ሪባኑን ደረቱ ላይ ሰካለት።

ሲገቡ ልጆቹ በኮሪደሩ እየመጡ ነበር። ሻማ የያዙት ከፊት፣ አበባ የያዙት ከኋላ። ክላሪስ ከደጃፉ ቆመችና ዓይኗን አንከራተተች፤ አያቷን ጠባብ ኮት ከላይ፣ የጭቃ ቦት ከታች አድርጎ ስታየው አበባዋን ጥላ ሮጠች። እናቶቹ ሁሉ አለቀሱ። ሚስ አርሊንም ስህተቷን ሰምታ ኖሮ ከበሩ ሥር ሆና ቀና ለማለት ስላፈረች ወለሉን እያየች አለቀሰች።

አልሴ መውጣት ፈልጎ እጀታውን ያዘ። በዚህ መሐል ልጆቹ ሻማቸውን ጠረጴዛው ላይ ካለው ትልቅ ሻማ እየለኮሱ ቃል መግባት ጀመሩ። በፈረንሳይኛ ነው፤ ጮክ ብለው፣ በትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቆመው። ቋንቋውን እንጠብቃለን፣ ለሚቀጥለውም እናስተላልፋለን ይላሉ። አልሴ እጁን ከእጀታው አነሣ። ከሕዝቡ በላይ ኦቪድን አየው። ኦቪድ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያክካል። ከዚያም ቀና አለና፣ ልክ እንደዚያን ጊዜ፣ ጠቀሰው። ቃሉ እስኪያልቅ ድረስ ትንሹ ነፋስ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

ኮሪደሩ ላይ ደወል ሲደወል ሮሼል ከሰው መሐል ብቅ አለች።

"ፔፔር? እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"የኦቪድ መኪና አልነሣ አለው። ላደርሰው መጥቼ ነው።"

"ከኦቪድ ጋር ትነጋገራላችሁ እንዴ?"

"አንነጋገርም። አደረስኩት ነው ያልኩሽ።"

ሮሼል ያለ ኮት የተንጠለጠለውን ክራቫት አየች። ትናንት ማታ ስልኩ ከተደወለ በኋላ የተመላለሰው መመላለስ ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ፊቷ ተለወጠ። እጇን ዘርግታ ቋጠሮውን አስተካከለችለት።

"እንዳልተመረጥኩ አውቄ ነበር" አለች። "ማዳም ባለፈው ሳምንት ነግራኛለች።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ወጥመዶቹ ሞልተው ነበራ።"

ዞር ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች። አልሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። አንድ አስተማሪ "አባት፣ ወንበር ላምጣልዎ?" አለው።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሮሼል ቦቷን ተጫምታ ጓዳ ውስጥ ዳቦ ስትቆርጥ አገኛት።

"አውልቂው" አላት።

"ምኑን?"

"ቦቱን። ትምህርት ቤት አለ።"

"ወቅቱ ሊያልቅ እኮ ነው፣ ፔፔር! ብቻህን ጀልባውን እየቀዘፍክ ወጥመድ ልታነሣ? ወገብህስ?"

"ወገቤ ምን አለሽ? በሚመጣው መጋቢት እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ ነው የማገኝሽ። ቁጭ! ካልሆነ እግርሽን ከጠረጴዛው ጋር አስረዋለሁ።"

"አንተ ነህ ስለ መቀመጥ የምታስተምረኝ?"

መልስ ሊሰጣት ሲል ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ፤ ደግሞም ጮኸ። ኦቪድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሠፈሩን ይቀሰቅሳል።

"አልሴ! ቀኑን ሙሉ ልትተኛ ነው? ኮትህን አምጥቻለሁ፤ ጭቃውን ግን ራስህ ታጥበዋለህ!"

ሮሼል አያቷን አየችውና ቦቷን አወለቀች። እሱ ባርኔጣውን አጥልቆ፣ የእሷን ቦት በብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ፤ በሩንም እንደ ልማዱ በኃይል ዘጋው።