ማሳ ላይ ያሰርኩት ሽቦ

ከሀገሬ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ከብቱ ገብቶ፣ ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ ተነስቶ ደጃፋችን ደርሶ ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዘችው ታላቅ እህቴ የትምወርቅ ናት። በሶ በስልቻ ሞልታ አሸከመችኝና እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ።

«ለመሆኑ ምን ፍለጋ ነው? መሬት አለህ፣ ፈረስ አለህ» አለችኝ።

እውነቱን ብነግራት ያበድኩ መስሏት ታስረኛለች ብዬ ስልቻዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ዳንግላ ገበያ ወርጄ ሳለ አንድ ነጋዴ ቤት ሞተር ሲያጓራ፣ ግድግዳው ላይም መብራት ሲበራ አየሁ። በሞተሩና በመብራቱ መካከል ያለው አንድ ጥቁር ገመድ ብቻ ነው። ዘበኛውን «በዚህ ውስጥ ምን ያልፋል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ አስመራ ሂድና ጠይቅ፣ እዚያ በየቤቱ አለ» አለኝ። ሰውየው ከደጃፉ ሊያባርረኝ ነው የተናገረው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬ ጠምጄ እንኳ ሐሳቤ ያ ገመድ ላይ ነበር። ሰው ረሀብ ያሰድደዋል፣ ደም ያሰድደዋል፤ እኔን ያሰደደኝ ገመድ ነው።

በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን አለፍኩ። ሊማሊሞን የወረድኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ያየ ያውቀዋል። አስመራ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ፖሊስ ያዘኝ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከኮሶበር።»

«ኮሶ ይዘሃል?»

«ኧረ አልያዝኩም፤ የከተማችን ስም ነው።»

ስልቻዬን ከፈተ። ዱቄቱን አየና ዓይኑ በራ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» በሶ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ቆንጥሮ ቀመሰ፣ አላመጠ፣ ደግሞ ቀመሰ። «ኮሶስ አይደለም» ብሎ አፉን እየጠራረገ አሳለፈኝ።

አስመራ ብርዱ ደረቅ ነው። የእኛ ብርድ ጭቃና ጉም ይዞ ይመጣል፣ ጋቢን በሰው ትከሻ ላይ ያሻግታል፤ የእነሱ ግን ሰማዩ እንደ ጠራ ነው ጣትህን የሚነክስህ። ማታ ማታ ሰዉ ለብሶ ተኳኩሎ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። የት ነው የሚሄዱት ብዬ አንድ ቀን ከኋላቸው ተከተልኩ። ዳር ደርሰው ተመለሱ፤ የትም አይሄዱም። እኛ ጋ እንዲህ የሚመላለስ ሰው ከብት የጠፋበት ብቻ ነው።

ሥራ ያገኘሁት ሲኞር ፒኖ የሚሉት ጣሊያን ዘንድ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ኮረንቲ ይዘረጋል። እኔ ግድግዳ እቦረቡራለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ። የሱን ቋንቋ የሚተረጉምልኝ ተስፋይ የሚባል የአስመራ ልጅ ነበር፤ አማርኛው ግን እንደ እኔ ትግርኛ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ነው። ስለዚህ ቃሉን እኔው ራሴ ማደን ያዝኩ። ፊሎ ማለት አንዱ ቀጭን ሽቦ ነው። ካቮ ማለት ብዙ ፊሎ በአንድ ቆዳ ሲጠቀለል ነው። ናስትሮ የተላጠውን ሽቦ የሚያለብሱበት ተጣባቂ ጥቅልል ነው። ቫልቮላ የምትባለው ደግሞ በውስጧ ፀጉር የመሰለች ሽቦ አለች፤ ኮረንቲ ሲበዛ ቀድማ እሷ ትቃጠልና ቤቱን ታተርፋለች። ይህን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው ብትሆን ተዝካር ይገባታል። ሽቦው የሚገባበትን ቱቦ ሳይ ግን ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም፤ አንጓው የተበሳ ቀርቀሃ ነው፣ በእሱ አድጌአለሁ።

አንድ ቀን ዳቦ ቤት ስንሠራ ሲኞር ፒኖ ከሊጥ ማቡኪያው መኪና አንድ ፊሎ አወጣና ጫፉን አስጨበጠኝ። «ማሳ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ከአፉ የወጣ የማውቀው ቃል የመጀመሪያው ነው። ሽቦውን በመስኮት አውጥቼ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ የጎመን ማሳ ነበረች፣ እዚያ ችካል ተክዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ተመልሼም «ማሳው ላይ አስሬዋለሁ» አልኩ።

ሲኞር ፒኖ በመስኮት አይቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሲስቅ ነው። ሳቁ ሲበርድለት ተስፋይን ጠርቶ አስረዳኝ። በእነሱ ቋንቋ ማሳ የመኪናው ብረት አካል ነው፤ ሽቦው እሱ ላይ ይታሰርና ከእሱ ደግሞ ወደ መሬት ይወርዳል። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። የውስጥ ሽቦ ቆዳው ሲላጥ ብረቱን ኮረንቲ ይይዘዋል፤ ብረቱን የነካ ሰው ኮረንቲው ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይሆናል። ሽቦው ካለ ግን ኮረንቲው ሰውን ትቶ በራሱ መንገድ ይሄዳል።

ይህ ነገር ሆዴ ገባ። በዚያው ሰሞን አከራዬ አደይ ለተብርሃን፣ ጎንደር ኖረው አማርኛ የሚያውቁ ሴት፣ ዝናብ እየጣለ ማሰሮ ጠበል ይዘው ከቤታቸው ሲወጡ አየሁ። ልጃቸው ከኋላ ታለቅሳለች።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ሰይጣን አለ። ልጄን ነዘራት። ልረጨው ነው።»

ቀና ብዬ ሳይ የመብራቱ ገመድ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተንተርሶ ያልፋል። ማሰሮውን ያዝኩባቸው። እሳቸው ይስባሉ፣ እኔ እስባለሁ።

«ጠበል የሚፈራ ተከራይ ቤቴ አስገብቼ ኖሯል። ዛሬውኑ ትወጣለህ» አሉ።

«እወጣለሁ። እባክዎን ግን ውሃውን አያፍስሱት፤ ይገድልዎታል።»

ምን ታይቷቸው እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቴን አዩና እጃቸው ላላ። ሮጬ ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አጠፋሁ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ ገመዱን አነሳሁ። ቆርቆሮው ቆዳውን በልቶ መዳቡ አግጥጧል። ብቻዬን የነካሁት የመጀመሪያው ሽቦ ነው። በናስትሮ ደጋግሜ ጠቅልዬ፣ ከቆርቆሮው አርቄ በእንጨት ላይ አሰርኩት።

«ሰይጣኑስ?» አሉኝ ከታች።

«ቆዳው ተልጦ ነበር፤ አለበስኩት።»

«ሰይጣን አለበስክ?»

ማጥፊያውን መልሼ አብርቼ ግድግዳውን በመዳፌ እስክነካላቸው ድረስ አላመኑም። ስለ መውጣቴም ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። ሲኞር ፒኖም ወሬውን ከተስፋይ ሰምቶ መቦርቦሪያውን ከእጄ ወሰደና ፒንሳ ሰጠኝ።

የሀገር ልጆች፣ ሥራ ያዝኩ ብሎ ሀገር አይረሳም። ክረምት ሲገባ፣ የገብስ እሸት ሲታሰበኝ፣ በጭነት መኪና ሹፌር ቃል ልኬ የትምወርቅን ዳንግላ ስልክ ቤት አስጠራኋት። ድምጿ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ደረሰኝ። አንደበታችን በአገራችን ቋንቋ፣ በአውንጊ ተፈታ። ወዲያው ስልከኛው መሃል ገብቶ፣ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ የምትሉት አይሰማም» አለ። እየሳቅን ወደ አማርኛ ዞርን።

«አሁን ምንድን ነው ሥራህ?» አለችኝ።

«ሽቦ እዘረጋለሁ፣ እታለም።»

«በውስጡ ምን ያልፋል?»

ስንት ቃል ለቅሜ አንዱም አልመጣልኝም። «አይታይም» አልኳት።

ከጀርባዋ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ እሱን አዳመጥኩ።

«መቼ ትመጣለህ?»

«ክረምቱ ሲወጣ።»

የየትኛው ዓመት ክረምት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።