የእሱ አርባ አምስት ዲግሪ

የለቅሶው ድንኳን ከግቢያችን በተነሣ በሳምንቱ የእንጨት ሥራ ቤታችንን በር ከፈትሁት። የመጣው ሁሉ «አይዞሽ፣ ጊዜ ያስረሳል» እያለ ስለሄደ፣ ማንም የማያናግረኝ ቦታ ነበር የፈለግሁት። መርሳት የፈለገ ማን ነው? ቤቱ ባለቤቴ እንደተወው ነበር። መጋዙ ሥር የዋንዛ ብናኝ ተከምሯል። ደረቱን ይዞ በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ የእርሳሱ ቁራጭ ወድቃለች። ግድግዳው ጋ ደግሞ በጎማ ቁራጭ የታሰሩ እንጨቶች ተደግፈው ቆመዋል።

እንጨቶቹን አውቃቸዋለሁ። ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ስድስት የሥዕል ፍሬም አዝዞን ነበር። አንድ ፍሬም ሁለት ረጅምና ሁለት አጭር ጎን አለው። ባለቤቴ የስድስቱንም ረጃጅም ጎኖች ለክቶ፣ ጫፍ ጫፋቸውን በሰያፍ ቆርጦ ጨርሷል። አጫጭሮቹን ሊጀምር ሲል ነው ያ ሕመም የያዘው። ሐኪም ቤት እንኳ አልደረሰም።

የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ሊያጽናኑኝ በጀልባ ተሻግረው መጡ። ሊወጡ ሲሉ በሥራ ቤቱ በር ወደ ውስጥ አየት አደረጉና ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ስለ ሥራው አትጨነቂ። የተቆረጠውን እንወስደዋለን፤ ሌላ አናጢ ይጨርሰዋል» አሉኝ።

«ሌላ ሰው እጁን አያስገባበትም፣ አባቴ። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«መጋዙን ታውቂበታለሽ?»

«አውቅበታለሁ» አልሁ። ዐይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። በዚያ ቤት ለዓመታት የእኔ ሥራ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት ነበር። ወደ መጋዙ ስጠጋ «ወዲያ በይ፣ ጣቶችሽን እፈልጋቸዋለሁ» እያለ ያባርረኛል። ነገር ግን እነዚያ ፍሬሞች የመጨረሻ ሥራው ነበሩ። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ ፊቱን የማላውቀው ሰው ሥራ እንዲሆን አልፈቀድሁም። ከጀመራቸው ነገሮች ሁሉ እኔ ልጨርስለት የምችለው ይህ ብቻ ነበር።

ሰያፉ የሚቆረጠው እሱ ራሱ በሠራው፣ «ሸርታቴ» እያልን በምንጠራው ነገር ነው። ሰፊ ጣውላ ነው። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ሐዲዶች አሉት፤ በመጋዙ ጠረጴዛ ቦዮች ውስጥ ይገቡና ጣውላው ወደ ምላጩ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ከላዩ ደግሞ ሁለት መደገፊያዎች ከምላጩ ግራና ቀኝ እንደ ቤት ክዳን ዘመም ብለው ታስረዋል። የእንጨቱን አንድ ጫፍ በግራው፣ ሌላውን ጫፍ በቀኙ አስደግፎ መቁረጥ ነው። ሁለቱም መደገፊያዎች ከምላጩ ጋር አርባ አምስት ዲግሪ ከሆኑ፣ የተቆረጡት ሰያፎች ተጋጥመው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሰጣሉ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነበር።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጊዜውን ለማስተካከል ተጠቀምሁበት። ቦዮቹን በምስማር ጫፍ ጠራረግሁ። ሐዲዶቹን እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት ሻማ አሸሁባቸውና ሸርታቴውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳብሁት። አይወላገድም፣ አይነቃነቅም። ከዚያ የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን አወረድሁና የግራውን መደገፊያ ከምላጩ ጋር ለካሁት። ከአርባ አምስት ያንሳል። የቀኙን ለካሁ፤ ይበልጣል። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ደሜ ፈላ። «ይኼን ሁሉ ዘመን በጠማማ ነው ስትሠራ የኖርኸው?» ብዬ ባዶ ቤት ውስጥ ጮህሁ። ሳያስተካክለው፣ ሳይነግረኝ፣ ሁሉንም እኔ ላይ ጥሎ በመሄዱ ተናደድሁ። ብሎኖቹን ፈትቼ ግራውንም ቀኙንም በስኳድራው ልክ አድርጌ፣ እጄ እስኪያመኝ አጠበቅሁ። ደስ እንዳለኝ አልክድም። ቢያየኝ ብዬም ነበር።

በማግሥቱ መብራት መጣ። የአንዱን ፍሬም ሁለት አጭር ጎኖች ቆረጥሁ። ከእሱ ረጃጅሞች ጋር ጠረጴዛው ላይ አጋጠምኋቸው። ሁለቱ ማዕዘኖች ከውስጥ፣ ሁለቱ ደግሞ ከውጭ አፋቸውን ከፈቱ። ጥፍሬ እስኪገባ ድረስ። አዟዟርኋቸው፣ ገለበጥኋቸው፤ ምንም። እንደገና ብቆርጣቸው ያጥራሉ፣ ሥዕሉም አይገባባቸውም። ከዱርቤቴ በኩል ዋንዛ የሚያመጣልን ሰው መንገድ ስለተዘጋ ከቀረ ቆይቷል። የቀረኝ እንጨት ለአጫጭሮቹ በቅቶ ለሁለት ጎን ብቻ የሚተርፍ ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ስሕተት አልችልም።

እሱ በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም። በቀብሩ ቀን ሰው ነበረ፣ የሚይዘኝ ነበረ። እዚህ ግን የመጨረሻ ሥራውን በገዛ እጄ እያበላሸሁት ነው።

ሲወጣልኝ የእሱን ረጃጅሞች ልመልሳቸው ሰበሰብሁ። ሁለቱን ሳነሣ የአንዱ ግራ ጫፍ ከሌላው ቀኝ ጫፍ ጋር ተገናኘ። ገጠመ። ሌሎቹንም ሞከርሁ። የግራው ከቀኙ ጋር ሁሉም እንደ ተጣበቀ ሆኖ ይገጥማል። ስኳድራ አስጠጋሁበት፤ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። የግራው ያነሰውን ያህል ቀኙ ይበልጣል፤ ሲገናኙ ይሟላሉ። ያን ጊዜ አንድ ቀን «ሸርታቴህ ተንጋዷል» ብዬ ስቀልድበት የመለሰልኝ ትዝ አለኝ። «ግራና ቀኙ እርስ በርስ ከተስማሙ ምላጩን ምን አገባው?» ብሎኝ ነበር። መደገፊያዎቹ የተንጋደዱት ከምላጩ ጋር እንጂ እርስ በርሳቸው አልነበረም። እኔ ሁለቱንም «ልክ» ሳደርግ ከእሱ ሥራ ጋር አጣላኋቸው።

ስለዚህ የእሱን ጠማማ መልሼ ማግኘት ነበረብኝ። የት እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ብሎኖቹን ፈትቼ አጥፍቼዋለሁ። የቀሩኝ የቆረጣቸው እንጨቶች ብቻ ናቸው። መጋዙን ከሶኬት ነቀልሁ። አንዱን ረጅም ጎን አንሥቼ በግራ የተቆረጠ ጫፉን ምላጩ ላይ፣ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ ለጠፍሁት። የግራውን መደገፊያ ቀስ አድርጌ ወደ እንጨቱ ጀርባ አስጠጋሁትና ሲነካው አጠበቅሁ። እሱ የቆረጠውን እንጨት ደግፌ ጎንበስ እንዳልሁ ብዙ ቆየሁ። በጣም ናፈቀኝ። ከዚያ ስኳድራውን ከግራው ላይ አስደግፌ የቀኙን አሰርሁ።

አጫጭሮቹን አንድ በአንድ ቆረጥኋቸው። ለተበላሹትም ምትክ ወጣላቸው። ገጠሙ። ስድስቱም ገጠሙ። በኮላ አጣብቄ፣ አለስልሼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ለመሪጌታው አልቋል ብዬ ላክሁባቸው።

መጥተው አንዱን ፍሬም አነሡና በአውራ ጣታቸው ማዕዘኖቹን ዳሰሱ።

«የሱው እጅ ነው» አሉ። «አንቺ የሠራሽው የቱ ነው?»

«አይለይም፣ አባቴ።»

«አይለይም» አሉና ነፍሱን ይማረው ብለው አማተቡ።

ጀልባው የእንቦጭ አረሙን እየገመሰ ሲርቅ ዳር ቆሜ አየሁት። የእሱ የሆነ አንድ ቁራጭ እንጨት እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም። ይህ የገባኝ ጀልባው ካነሰ በኋላ ነው።

አርባው ሲቃረብ ፎቶውን አሳጠብሁ። ለመታወቂያ የተነሣው ነው፤ ሳይስቅ፣ ፎቶ አንሺውን ገና ሊቆጣው እንዳሰበ። ፍሬም ያስፈልገዋል፤ የእሱን ፎቶ ደግሞ በሱቅ ፍሬም አላደርገውም። ሥራ ቤት ውስጥ የነበረው እንጨት እኔ ያበላሸኋቸው ሁለቱ አጫጭሮች ብቻ ነው። ለሁለት ለሁለት ብከፍላቸው ለትንሽ ፎቶ ይበቃሉ። ግን አንድ አንድ ጫፋቸው በእኔ ልክ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ሌላው ጫፍም በእኔ ልክ መቆረጥ አለበት። ሸርታቴውን እንደገና መፍታት አለብኝ ማለት ነው።

መደገፊያዎቹ ያሉበትን የእሱን ልክ ላሰምርበት ብዬ የእሱን እርሳስ አነሣሁ። ግን ከእንግዲህ የማዛምደው የእሱ ቁራጭ የለም። መልሼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋት። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ በስኳድራው አስተካከልሁ፣ አጠበቅሁ። በዚህኛው ጊዜ አልጮህሁም።

አራቱን ጎኖች ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ አጋጠምኋቸው። አንዱ ማዕዘን እንኳ አፉን ቢከፍትልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ቢከፍት የምወቅሰው፣ የምጨቃጨቀው ሰው አገኝ ነበር። አራቱም ገጠሙ። ፎቶውን አስገባሁት። በዚያ ፍሬም ውስጥ ከፊቱ በቀር የእሱ የሆነ ምንም አልነበረም።