ስሙ ያልተነገረው ሥር

መሪጌታ ዓለምነህን ወረታ ዙሪያ የማያውቅ የለም። ማሕሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ከቅጥሩ አልፎ እስከ ሩዝ ማሳው ይሰማል። እጅ እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብቶ አልሆን ሲለው፣ እሳቸው ደጅ ይመጣል። አንድ ሥር ቀጥቅጠው ያጠጡታል። ቀለለኝ ያለ ብዙ ነው፤ ሳይቀለው የቀረም አለ፣ ምን ይዋሻል!

ሥሩን ያሳዩዋቸው ጣራ ገዳም ዜማ ያስተማሯቸው መምህር ናቸው። ያሳዩዋቸውም አስምለው ነው፦ ረቡዕ ጧት ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ እንዲቆፍሩት፣ ስሙንም ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ሞት ሲቀርብ እንዲነግሩ። ስሙ ከወጣ ኃይሉ ይሄዳል ተብሏላ! ባለቤታቸው ንግሥቲ እንኳን ሠላሳ ዓመት አብራቸው ስትኖር ቅጠሉን አይታው አታውቅም። ራሳቸው ይቀጠቅጡታል፣ የተረፈውን ያቃጥሉታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ትሕትና መጣች። የፎገራ ገበሬ ልጅ ናት፤ ተምራ የዕፀዋት ተመራማሪ ሆናለች።

«የኔታ፣ የነርቭ ሕዋስ የሚያሳድግ ተክል ነው የምፈልግ» አለቻቸው። «ከአይጥ የወሰድነውን ሕዋስ በሳሕን እናኖርና የሥሩን ጭማቂ እናደርግበታለን። ከጠቀመው ክር እየመዘዘ ያድጋል። የእርስዎ ሥር እንዲያ ቢያደርግ ስንቱ ሰው በእግሩ ይቆም ነበር!»

መሪጌታ ጨነቃቸው። እምቢ እንዳይሉ፣ ልጅቱን ከክርስትናዋ ጀምሮ ያውቋታል፤ እሺ እንዳይሉ መሐላው አለ። ቢቸግራቸው ከማሳው ድንበር ከብት እንኳ የማይቀምሰውን አረም ነቅለው «ይኸውልሽ ልጄ» ብለው ሰጧት። እሷ ምን ታውቃለች፣ ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለፋችበት። ተመልሳ ስትመጣ ከስታለች።

«አንድ ክር እንኳ አላወጣም፣ የኔታ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አደራረቄ ይሆናል ያበላሸው።»

ራሷን ስትወቅስ ሲሰሙ፣ የሰው ልጅ ዕድሜ ላይ መቀለዳቸው አንገበገባቸው። ሳምንት ሳይሞላ ደወሉላት።

«ያ የሰጠሁሽ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ። ፍልሰታ ይለፍና ጣራ ገዳም ወስጄ አሳይሻለሁ። ስሙንም ላንቺ ነው የምነግርሽ።»

ምነው በዚያው ስልክ በነገሯት! ጾሙ በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሴ ላይ እንደቆሙ ወደቁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎናቸው በድን ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ሐኪሙ፣ የሞተ ነርቭ የሚያበቅል መድኃኒት ገና አልተገኘም ብሎ ወደ ቤታቸው ሰደዳቸው። ያ ሁሉ ዜማ የወጣበት አፍ ሁለት ወር ትንፍሽ ሳይል ቀረ። ጆሯቸው ግን ሁሉን ይሰማል፣ ልባቸውም ሁሉን ያውቃል፤ መከራው ይኸ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ የሜዳው ውኃ ሲጎድል፣ ትሕትና ከጣራ ገዳም ዱር የለቀመችውን ቅጠል ሁሉ በቁና ይዛ መጣች። ንግሥቲ ቀና አድርጋ ደገፈቻቸው። ልጅቱ አንድ በአንድ እያነሣች አሳየቻቸው። የእሳቸው ቅጠል የለም። የሚመስለው ግን አንድ አለ፤ ጠርዙ ዙሪያውን የተነከሰ መምሰሉ ለየው እንጂ ቁርጥ እሱን ነው። እሷም በሱ ላይ ዓይናቸው ሲቆይ አየች።

«ይኸ ነው አይደል፣ የኔታ?»

ዳግመኛ ልትለፋ! ዳግመኛ በሐሰት! መሪጌታ ያለ የሌለ ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። አይደለም ሊሉ ነው። አፋቸው ተንቀጠቀጠ፣ ምራቃቸው ወረደ፣ ድምፅም ወጣ።

«አሜን።»

ንግሥቲ እልል አለች። መሪጌታ ደነገጡ። አሁንም አይደለም ሊሉ ታገሉ፤ አሁንም «አሜን» አሉ፤ ሲጮኹም «አሜን! አሜን!» ሆነ። ሌላ ቃል ጠፋ። ቅጠሉን ሊገፉ ደኅናውን ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«እየባረኩሽ ነው፣ ዝቅ በይ ልጄ» አለች ንግሥቲ፣ እጃቸውን ይዛ የልጅቱ ራስ ላይ እያኖረች። ትሕትና እያለቀሰች ተባረከች። ከዚያም ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ መኪና እንዳያመልጣት እየሮጠች ሄደች።